በፊቱ የተደፋው ሐውልት

እማማ ስንዱ ስለ ሞታቸው የሚያወሩት ሌላው ሰው ስለ በዓል ገበያ በሚያወራበት ድምፅ ነው። ቡራዩ፣ ከአምቦ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ባለው ግቢያቸው ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ መኖር ከጀመርኩ ወዲህ፣ ቀብራቸውን ሳያቅዱ ያለፉበት ሳምንት ትዝ አይለኝም። ልብስ ሳጥብ መጥተው አጠገቤ ይቆሙና፣ «ትጊ፣ በሐምሌ እንዳልሞት ጸልይልኝ፤ ድንኳኑ ያፈሳል» ይሉኛል።

«እሺ እማማ፣ ለመስከረም ያድርግልዎት» እላለሁ።

«በመስከረም ደግሞ ሰው ሁሉ ለልጆቹ ዩኒፎርም ሲሯሯጥ ነው። ማን ሊመጣ?»

ጥቅምት ይበርዳል፣ ጥር ሠርግ ይበዛል፣ በሁዳዴ ደግሞ ለቀስተኛው በባዶ ሆዱ ሲጠብቅ ይውላል። እስካሁን የቆዩት የሚመች ወር አጥተው ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህን ሁሉ የሚያስቡት ሞትን ስለሚፈሩ አይደለም፤ ሥራቸው ስለሆነ ነው። የሰፈራችን እድር ዕቃ ቤት ቁልፍ የሚንጠለጠለው በእሳቸው አንገት ላይ ነው። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሮቹና ብረት ድስቶቹ በእሳቸው ቃል ይወጣሉ፣ በእሳቸው ቃል ይገባሉ። የሞተው ማንም ይሁን ማን፣ እማማ ስንዱ መጀመሪያ ብረት ድስቱን ጉልቻ ላይ አስጥደው ነው የሚያለቅሱት። «እንባ ይጠብቃል፤ ሽሮ ግን ካልተጣደ አይበስልም» ይላሉ። ሌላ ሰው ቢለው እቀየም ነበር።

በዚህ ሥራ ቀኝ እጃቸው እትዬ ሰይዳ ናቸው። እትዬ ሰይዳ አስፋልቱ ዳር የቅመም ሱቅ አላቸው፤ አሁን ልጃቸው ሙአዊያ ይዞላቸዋል። ሁለቱ ሴቶች ቡራዩ ገና ገጠር ሳለች በአንድ ሰሞን ቤት ሠርተው የገቡ ጎረቤቶች ናቸው። እድራችን ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም ስለሚይዝ ሁለት ዓይነት ብረት ድስት አለን፤ እጀታው ላይ አረንጓዴ ጨርቅ የታሰረበት የሙስሊሞቹ ነው። የሥጋ ቀን ለየብቻ ይሠራል። ሽሮና ንፍሮ የሆነ ቀን ግን ጨርቁም አይታይም፤ ሁለቱ ሴቶች በአንድ ብረት ድስት ላይ ጎንበስ ብለው ስለ ጨው ይጣላሉ። በጨው ጉዳይ አንድም ቀን ሲስማሙ አላየሁም።

ክርስቲያን ሲሞት እትዬ ሰይዳ ሬሳውን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ ይሸኛሉ። ወደ ውስጥ አይገቡም። ውጭ ቆመው፣ ፍትሐቱ አልቆ፣ አፈሩ ተመልሶ ቀባሪው እስኪወጣ ይጠብቃሉ። ማንም አላስገደዳቸውም። «የሸኘሁትን ሰው ሳይቀበር ጥዬው አልሄድም» ብለው የያዙት ልማድ ነው። አብረዋቸው ሌሎች ሙስሊም ጎረቤቶችም፣ ጴንጤዎቹም ይቆማሉ። አግዳሚ ወንበሮቹ እንደሆኑ ድንኳኑ ውስጥ ሆነው ተመላሹን ነው የሚጠብቁት። ድሮ ይህ ሁሉ ምንም አልነበረም። አሁን ግን የእትዬ ሰይዳ ጉልበት እንቢ ብሏል፤ ፍትሐት ደግሞ አንዴ ከተጀመረ አይቸኮልም።

አምና በጋ አንድ ጎረቤታችን ሲቀበሩ ፀሐይዋ አናት ትበሳ ነበር። እማማ ስንዱ ከግቢው ውስጥ ሆነው በበሩ በኩል ወደ ውጭ ሲያዩ፣ እትዬ ሰይዳ የአጥሩን ብረት በሁለት እጃቸው ይዘው፣ አንዱን እግር ሲያሳርፉ ሌላውን ሲያነሱ፣ ፊታቸው አመድ መስሎ አዩዋቸው።

ማግስቱን ልብስ ማጠቢያው አጠገብ መጡ። «ትጊ፣ ሐምሌም ይሁን መስከረም፣ ሌላው ሁሉ እንደ ፍጥርጥሩ ይሁን። በእኔ ቀብር ቀን ግን ሰይዳ ቆማ አትጠብቀኝም።»

«እኔ ወንበር ይዤላቸው እሄዳለሁ» አልኩ። ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር።

እትዬ ሰይዳ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። «ሰው ሁሉ ቆሞ ለእኔ ብቻ ወንበር? ምን፣ ዳኛ ነኝ? ይልቅ አንቺ ቶሎ አትሙች፣ ጉልበቴም ያርፋል!»

ስለዚህ ነገሩ ከወንበር ከበደ። ለሁሉም የሚሆን፣ እዚያው ተተክሎ የሚቀር ነገር ያስፈልጋል። እማማ ስንዱ ይህን ማሰላሰል ሲጀምሩ፣ ልጃቸው ወንዲ ደግሞ በራሱ በኩል ሌላ ነገር ሲያስብ ኖሯል።

ወንዲ ሰበታ ፋብሪካ ውስጥ የሒሳብ ኃላፊ ነው። መልካም ልጅ ነው፤ ብቻ ነገር ሲያስተካክል እንደ ሒሳብ መዝገብ ነው፣ ሁሉም ነገር ቦታው ካልገባ እንቅልፍ አይወስደውም። አባቱ አቶ ፍቅረሥላሴ የተቀበሩት አዲስ አበባ አንድ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ነው። የወንዲ ሐሳብ እናቱ ከአባቱ ጎን እንዲያርፉ፣ በላያቸውም አላፊ አግዳሚ የሚያደንቀው እብነ በረድ እንዲቆም ነው።

«አባትህን ነፍሱን ይማረውና፣ ሲያንኮራፋ የሰማሁት ይበቃኛል» አሉት እማማ ስንዱ። «ደግሞስ እዚያ ድረስ ማን ይሸኘኛል? ሰይዳን ጉልበቷ አዲስ አበባ ያደርሳታል?»

«መኪና እኮ እናቀርባለን እማዬ።»

«ሬሳ በመኪና፣ ለቀስተኛ በመኪና! ሠርግ ነው እንዴ?»

ወንዲ ግን ሐውልቱን ቢያዩት ይወዱታል ብሎ ስላመነ፣ አንድ ቅዳሜ ሰበታ፣ በሚቀጥለው ደግሞ ሱሉልታ ወደ ድንጋይ ሠሪዎች ወሰዳቸው። እማማ ስንዱ ያለ እትዬ ሰይዳ አልሄድም አሉ፣ እትዬ ሰይዳ ያለ እኔ አልሄድም አሉ፣ እኔም ፎቶ ኮፒ ቤቴን ዘግቼ ተከተልኩ። ለቀብር ዕቃ መረጣ እንዲህ እየተሳቀ ሲኬድ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

የሱሉልታው ሠራተኛ ትሑት ሰው ነበር። ባለ መልአኩን አሳየን፣ የተገለጠ መጽሐፍ የሚመስለውን አሳየን፣ ፎቶው የማይደበዝዘውን፣ በመስታወት የሚዘጋውን አሳየን። እማማ ስንዱ እያንዳንዱን እንደ አዲስ ብረት ድስት በጣታቸው አንኳኩ። አስፋልቱ ላይ ሯጮች ሽው እያሉ ያልፋሉ። እትዬ ሰይዳ አይተዋቸው፣ «እነሱስ ይሮጣሉ፤ እኛ መጋደሚያ እንመርጣለን» አሉ።

እማማ ስንዱ ግራጫው ጠፍጣፋ ድንጋይ ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ። «ልጄ፣ ይሄ ፀሐይ ሲመታው ይግላል?»

«ለሟች ምን ለውጥ አለው እማማ?»

«ለሟች መች አልኩህ? ሰው ቢቀመጥበትስ?»

ሰውዬው ደነገጠ። «ኧረ መቃብር ላይ አይቀመጡም! ነውር ነው።»

«ታዲያ ምን ይሠራል?»

«መታሰቢያ ነው። ሰው እየመጣ ያየዋል።»

«አይቶስ?»

ሠራተኛው ወንዲን አየ፣ ወንዲ እኔን አየኝ፣ እኔ ሯጮቹን አየሁ።

እማማ ስንዱ ውሳኔያቸውን የተናገሩት ስንመለስ መኪና ውስጥ ነው። «ስማኝ ወንዲ። ቀብሬ እዚሁ ቡራዩ ይሁን። ሐውልት አልፈልግም። ለመታሰቢያዬ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ማዶ መቀመጫ አሠራልኝ። በር ላይ የሚቀሩት ይረፉበት።»

«መቀመጫ?» አለ ወንዲ። መሪውን ሊለቅ ምንም አልቀረው። «ሰው ምን ይለኛል? ለአባቱ እብነ በረድ አቁሞ ለእናቱ አግዳሚ ገዛ አይሉኝም?»

«ይበሉሃ።»

እትዬ ሰይዳ ከኋላ ወንበር፣ «አንቺ ሴትዮ፣ በእኔ ጉልበት ምክንያት ከልጅሽ አትጣዪ» አሉ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ሁልጊዜው አልነበረም። ወንዲ ከዚያ በኋላ ቡራዩ እስክንደርስ መንገዱን ብቻ እያየ ነዳ። እሺ ያለ መስሎን ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለውን ረስተን ነው። ወንዲ ሞኝ አይደለም፤ ሒሳብ ሠራተኛ ግን ከወረቀት ጋር ኖሮ ኖሮ ጠባዩ ሳይጋባበት አይቀርም።

ጥቂት ሳምንታት አለፉ። አንድ ሥራ ቀን ጠዋት ሱቄ ውስጥ የአንድ ተማሪ ሰርተፍኬት ኮፒ ሳደርግ፣ የእድራችን ለፋፊ የዳኜ ጡሩምባ ጮኸ። እጄን ማሽኑ ላይ እንዳሳረፍኩ ጆሮዬን ሰጠሁ።

«የተከበራችሁ የእድራችን አባላት! የዕቃ ቤት ኃላፊያችን፣ እናታችን ወይዘሮ ስንዱ ስላረፉ…»

የቀረውን አልሰማሁም። ሱቄን እንኳ አልዘጋሁም። ጠዋት ቧንቧ ክፍት ትተሽ ወጣሽ ብለው ተቆጥተውኝ፣ እኔም አኩርፌ ደህና ዋሉ ሳልል ነበር የወጣሁት። መንገዱን ሙሉ ስሮጥ የማስበው ያንን ነበር፤ ቧንቧውን ብዘጋው ምን ነበረበት እያልኩ።

የሆነው እንዲህ ነው። ወንዲ ግራጫውን ድንጋይ በድብቅ አሠርቶታል። በሚያምር ፊደል «እናታችን ወይዘሮ ስንዱ» ተብሎ ተቀርጿል፤ ፎቷቸው ተለጥፎበታል፤ የተወለዱበት ዓመት ተጽፎ፣ ያረፉበት ዓመት ቦታው ክፍት ተትቷል። ራሱ ይዞት መጥቶ ሊያግባባቸው ነበር። መንገድ ተዘጋግቶ እሱ ሲዘገይ ድንጋዩን የጫነው አይሱዙ ቀድሞ ደረሰ። እማማ ስንዱና እትዬ ሰይዳ በርበሬ ሊያስፈጩ ወፍጮ ቤት ሄደዋል፤ ስልካቸው ቤት ነው። ጫኞቹ ከባድ ዕቃ ይዘው ቆመው አይጠብቁም፤ ጭቃ እንዳይነካው ሁለት ብሎኬት ላይ አጋድመውት፣ ነገሩ የመቃብር ነውና ቆባቸውን አውልቀው በአክብሮት ላባቸውን ሲጠርጉ ዳኜ ደረሰ።

ሐውልት የሚቆመው ከአርባ ወይ ከሙት ዓመት በኋላ መሆኑን ዳኜ ከማናችንም በላይ ያውቃል። ግን ልጁ ባለ ሥራ ነው፣ ቸኩሎ አሠርቶ ይሆናል ብሎ አሰበ። ግቢውን አየ፣ ሰው የለም። ጫኞቹን አየ፣ ቆባቸው በእጃቸው ነው። ቤተሰቡ ጋ ደውሎ «እናትህ ሞቱ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ በእኛ አገር የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ ዳኜ የሚያውቀውን አደረገ፤ ጡሩምባውን አነሣ።

እኔ ስደርስ ድንኳኑ ግማሽ ቆሟል። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ አልተገኘም፣ ጓጉንቸሩን ሰብረውታል። ከቤተ ክርስቲያኑ ትይዩ የሚኖሩት ኦቦ መገርሳ ምሰሶ ተሸክመው ይመጣሉ፣ ሴቶቹ ደረታቸውን ይመታሉ፣ ንፍሮው ተጥዷል። ሬሳው የታለ ብሎ የጠየቀ የለም፤ ሐኪም ቤት ይሆናል ብሎ ሁሉም በየልቡ ጨርሷል። እኔም ድንጋዩ ላይ ያለውን ፎቶ ሳይ ተንበረከክሁና እሪታዬን ለቀቅሁት።

በዚህ መሐል አንድ ባጃጅ መጥታ ቆመች።

እማማ ስንዱ በርበሬ አቅፈው፣ እያስነጠሱ ወረዱ። ድንኳን ካዩ እግራቸው ከማሰባቸው በፊት ይሄዳል። «ምሰሶውን እዚያ ማን ትከሉ አላችሁ? ውሃ መውረጃው ላይ! ወደ ግራ፣ ወደ ግራ!» አሉ። ወንዶቹም ከልማድ ብዛት ምሰሶውን ወደ ግራ አዞሩት። «ዕቃ ቤቱን ማን ከፈተው? ንፍሮው ላይ ጨው ማን ጨመረ? ሰይዳ፣ ነይ ቅመሺው!»

ከዚያ በኋላ ነው ዝም ማለታችንን ያስተዋሉት። የሚያለቅሰው አቁሟል፣ ሚስማር የሚመታው አቁሟል። እማማ ስንዱ ድንኳኑ የቆመው በማን ደጅ እንደሆነ ቀና ብለው አዩ። በርበሬው ከእጃቸው ወደቀ።

«ወንዲ ነው?» አሉ። «ወንዲዬ ነው? ንገሩኝ፣ ልጄ ነው?»

ያንን ድምፅ ዳግመኛ መስማት አልፈልግም። ዳኜ ጡሩምባውን ከኋላው ደብቆ፣ ሁለት እርምጃ ቀረበ።

«አይደለም እማማ። ወንዲ ደህና ነው። እ… እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ምን?»

«ያረፉት።»

የድሮ ሰዎች ለቀባሪው አረዱት ይሉ ነበር። እኛ ለሟቿ አረዳናት።

እማማ ስንዱ ድንጋዩን አዩ፣ ፎቷቸውን አዩ፣ ዳኜን አዩ። «አንተ፣ ሐውልት ከሬሳ ቀድሞ ሲመጣ በየት አገር አይተሃል?»

«ወንዲ ቸኩሎ መስሎኝ…»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ!» አሉ፤ ከዚያ ወደ መሬት አይተው፣ «በርበሬዬንም አስፈሰስከኝ» ብለው ጨመሩ።

ይኼኔ እትዬ ሰይዳ ሳቁ። እሳቸው ሲስቁ ድምፅ የለውም፣ ትከሻቸው ብቻ ይናጣል፣ እንባቸው ይወርዳል። በሳቁ ጉልበታቸው ከዳቸውና ያገኙት ነገር ላይ ዘፍ አሉ። ያገኙት ሐውልቱን ነበር።

ሁላችንም ደነገጥን፤ እማማ ስንዱ ግን ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ጓደኛቸውን እንደ አዲስ ዕቃ ተመለከቱ። «ሰይዳ፣ እንዴት ነው?»

«ምኑ?»

«ድንጋዩ። ይመቻል?»

እትዬ ሰይዳ በመዳፋቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት፤ እግራቸውንም ዘረጉ። «ወላሂ ይመቻል። ልክ ነው። ግን እኮ ስምሽ ላይ ነው የተቀመጥኩት።»

«ዕድሜ ልክሽን ራሴ ላይ ተቀምጠሽ ኖረሽ የለ? ስሜ ምን ይከብደዋል?»

ወንዲ የደረሰው ያን ጊዜ ነው። ከመንገዱ ጫፍ ድንኳኑን ሲያይ መኪናውን መሐል አስፋልት ላይ ጥሎ ሮጠ። «እማዬን! እማዬን!» እያለ በሕዝቡ መሐል ገባ፣ ብሎኬቱ አደናቀፈው፣ በሐውልቱ ላይ ዘሎ እናቱ እግር ሥር ወደቀ። ቀና ብሎ አያቸው። እግራቸውን አቅፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እናቱም በርበሬ በነካው እጃቸው ፀጉሩን ሲደባብሱት፣ ለቅሶው የድንጋጤም የበርበሬም ሆነ።

«አየህ ልጄ» አሉት ቀስ ብለው። «ድንጋዩን እንኳ አላየኸውም። ዘለኸው ነው የመጣኸው።»

ወንዲ ዞር ብሎ ያሠራውን ሐውልት አየ። እትዬ ሰይዳ አሁንም ተቀምጠውበታል። «የፈለግሽውን እማዬ» አለ። «የፈለግሽውን።»

የተተከለ ድንኳን ሳይበላበት አይነሣም፤ ንፍሮውን በሳቅ ጨረስነው። ጨው በዝቶበት ነበር። እትዬ ሰይዳ፣ «ያንቺ ድንኳን ተቆጥሯል፣ ሁለተኛ የለሽም» እያሉ ሲያናድዷቸው ዋሉ።

የመቀመጫው ቦታ ጉዳይ አሰልቺ ነበር። ሰበካ ጉባኤው ከአጥር ውጭ አያገባኝም አለ፤ ወረዳው መንገድ ነው አለ። እማማ ስንዱ መጨረሻ ላይ ኦቦ መገርሳ ዘንድ ሄዱ። አጥራቸው ከቤተ ክርስቲያኑ በር ፊት ለፊት ነው፤ ከአጥሩ ውጭ ሰፋ ያለ የራሳቸው ይዞታ፣ ጥላ ያላቸው ባህር ዛፎችም አሉበት።

«አካም ቡልተን ኦቦ መገርሳ?» ብለው በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አሏቸው።

«ነጋ፣ ገለተ ዋቃ። ዛሬስ በሕይወት አሉ?» አሉ ኦቦ መገርሳ። ይህን ቀልድ ማንም ሳይደጋግመው የቀረ የለም። የመጡበትን ሲሰሙ ግን ቀልዱን ተዉ። «መቼ አሰብነው ይኼን? እኔም እኮ ፕሮቴስታንት ነኝ፤ በር ላይ ቀሪ ነኝ። ቶሌ! እሺ፣ ባህር ዛፉ ሥር ይሁን።»

ወንዲ ራሱ ግንበኛ ይዞ መጣ። በድንጋይ ሁለት እግር ተሠራ፣ ሐውልቱ በፊቱ ተደፍቶ በላዩ ተጋደመ። ፎቶው ተነሥቶ ሳሎን ተሰቀለ፤ ቆንጆ ወጥቻለሁ ብለው ነው። ወንዲ ቢያንስ ስማቸው በጎኑ ይጻፍ ብሎ ለመነ። «ስሜን ምን ያደርጉታል? ይቀመጡ» አሉት። ስሙ ከሥር ነው። የሰፈሩ ልጆች በጀርባቸው እየተንሸራተቱ ገብተው ያነቡታል።

ከዚያ በኋላ በመጣው የመጀመሪያ ቀብር እትዬ ሰይዳ ተቀመጡ። በአንድ ጎናቸው ኦቦ መገርሳ፣ በሌላው ሁለት ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ነበሩ። እማማ ስንዱ ፍትሐቱን ትተው በበሩ ወደ ውጭ ሲያዩ ዋሉ። ስንወጣ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ «ትጊ፣ እግሯን አነባብራ እኮ ነው የተቀመጠችው!» አሉኝ። በቀብር ላይ እንዲያ ደስ ብሎት የወጣ ሰው አይቼ አላውቅም። ጎትቼ አራቅኋቸው፣ ሟችን የጠሉ እንዳይመስሉ።

ሞት ሲዘገይ የቀረ ይመስላል። እቅድ የወጣው ለእማማ ስንዱ ሞት ነበር። ወሩ፣ ድንኳኑ፣ መቀመጫው፣ ሁሉም ነገር የተዘጋጀው ለእሳቸው ነው።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ፣ አንድ ጠዋት ዳኜ ግቢያችን ገባ። ከዚያ ጉድ ወዲህ በዓይኑ ሳያይ አይለፍፍም። ጡሩምባውን አልያዘም። በሩ አጠገብ ቆሞ መሬት መሬት አየ።

«ማን ነው?» አሉ እማማ ስንዱ።

«ገብቼ አይቻለሁ እማማ» አለ ዳኜ። «እትዬ ሰይዳ ናቸው። በእንቅልፋቸው ነው።»

እማማ ስንዱ ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ለዳኜ ሰጡት። «አረንጓዴ ጨርቅ ያለባቸውን አውጡላቸው» አሉ። ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። እኔ ካወቅኋቸው ጀምሮ ብረት ድስት ሳያስጥዱ ሲያለቅሱ የመጀመሪያቸው ነው። ያን ቀን ሽሮው ጠበቀ።

የሙስሊም ቀብር አይዘገይም። ወንዶቹ ሊቀብሩ ሲነሡ ሴቶቹ ቤት ቀሩ። ወደ መቃብሩ የሚወስደው መንገድ በቤተ ክርስቲያኑ በር ፊት ያልፋል። እማማ ስንዱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ክንዴን ያዙ፤ በውስጥ መንገድ ቀድመን ባህር ዛፉ ሥር ደረስን። መቀመጫው ባዶ ነበር።

«ተቀመጡ እማማ» አልኳቸው።

«አልቀመጥም።»

«ገና ይቆያሉ እኮ። ለዚሁ አይደል የተሠራው?»

«ለእሷ ነው የተሠራው» አሉ። «ስንቱን ቆማ ጠበቀችልኝ። ዛሬ ተራው የእኔ ነው።»

ጀናዛው መጣ። ሙአዊያ ከፊት ነበር፤ ከተሸካሚዎቹ መሐል ወንዲን አየሁት፣ ትከሻውን ከሥር አስገብቶ ሲሄድ እናቱን አላየም። እማማ ስንዱ ቃሬዛው በፊታቸው ሲያልፍ ጎንበስ አሉ፤ ከዓይን እስኪጠፋ በዚያው ቀሩ። ከዚያም አልተቀመጡም። አንድ እጃቸውን ባህር ዛፉ ላይ አድርገው፣ አንዱን እግር ሲያሳርፉ ሌላውን ሲያነሱ ቆዩ። እኔም መለመኔን ትቼ አጠገባቸው ቆምኩ፤ እያለቀስኩ።

ወንዶቹ ሲመለሱ ሙአዊያ ከሁሉም ኋላ ነበር። ጫማው አፈር ነው። እኛን ሲያይ መንገዱን ተሻግሮ መጣ፤ መቀመጫውን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ ገባው።

«ቁጭ በሉ እንጂ እማማ» አለ። «ቀብረናቸዋል።»

«በደንብ?»

«በደንብ።»

እማማ ስንዱ ያን ጊዜ ተቀመጡ።